ለትምህርት ቤት ገቢ ማስገኛ ካላንደር ስለማሳተምና ስለመሸጥ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ በሰሜን ሸዋ በአንዲት የወረዳ ከተማ የሚገኝ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሰብሳቢ ናቸው። ለቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያና ወንበር ማሟያ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት የ2019 ዓ.ም. የግድግዳ ካላንደር አሳትመው ለኅብረተሰቡ ለመሸጥ አስበዋል። አንድ ማተሚያ ቤት 1,000 ቅጂ ቢያሳትሙ የአንዱ ዋጋ እንደሚረክስ ነግሯቸው ግማሹን ገንዘብ በቅድሚያ እንዲከፍሉ ጠይቋል። የእርሳቸው ጥያቄ ገንዘቡን ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ወጪ አድርጎ መክፈል ያዋጣል ወይ፣ በምን ያህል ይሸጥ፣ ማንስ ይሽጠው፣ የተማሪዎችስ ፎቶግራፍ ቢገባበት ምን አለ የሚል ነው።

ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልናገር። ከውስጥ ገቢው አንድም ብር ወጪ አያድርጉ፤ 1,000 ቅጂም አያሳትሙ። የኅትመቱ ወጪ በሙሉ በከተማው ነጋዴዎችና ማኅበራት ማስታወቂያ ተሸፍኖ ገንዘቡ ባንክ ከገባ በኋላ ብቻ ወደ ማተሚያ ቤት ይሂዱ። ወጪው በዚህ መንገድ ካልተሸፈነ ሥራውን መተው ይሻላል፤ ምክንያቱም ካላንደር የሚሸጥበት ጊዜ እጅግ አጭር የሆነ ዕቃ ነው። መጽሐፍ ዘንድሮ ባይሸጥ ለከርሞ ይቆያል። ካላንደር ግን ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ካልተሸጠ ጥቅምት ላይ በግማሽ ዋጋም የሚጠይቀው አይገኝም። በዚያ ላይ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች በየዓመቱ ያማረ ካላንደር እያሳተሙ ለደንበኞቻቸው በነጻ ያድላሉ። እናንተ ገንዘብ የምትጠይቁበትን ዕቃ ጎረቤታችሁ ያለው ባንክ በነጻ እየሰጠ መሆኑን ከመጀመሪያው አውቃችሁ መግባት ይኖርባችኋል።

የማተሚያ ቤቱ ምክር በራሱ ሐሰት አይደለም፤ ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ መውረዱ እውነት ነው። የዲዛይንና የፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) ወጪ 100 ቅጂም ታተመ 1,000 ያው ስለሆነ በብዙ ቅጂ ሲካፈል ያንሳል። ነገር ግን የሚጠቅማችሁ የአንዱ ቅጂ ዋጋ ሳይሆን በመጨረሻ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ነው። ለስሌት ያህል ብቻ የዲዛይንና የፕሌት ወጪው 20,000 ብር፣ የወረቀት፣ የኅትመትና የጥረዛው ወጪ ደግሞ ለአንድ ቅጂ 90 ብር ነው እንበል። 1,000 ቅጂ ቢታተም ጠቅላላ ወጪው 110,000 ብር ይሆናል፤ አንዱ 110 ብር ወጣበት ማለት ነው። 500 ቅጂ ቢታተም ጠቅላላ ወጪው 65,000 ብር ሲሆን አንዱ 130 ብር ያወጣል። ሁለቱም በ200 ብር ይሸጡ። ከ1,000ው 600 ቢሸጥ፣ ይህም ለአንዲት የወረዳ ከተማ ትንሽ አይደለም፣ 120,000 ብር ገብቶ 10,000 ብር ብቻ ይተርፋል፤ 400 ቅጂም መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ከ500ው 450 ቢሸጥ ግን 90,000 ብር ገብቶ 25,000 ብር ይተርፋል። ውዱ ቅጂ ከርካሹ የበለጠ አተረፈ። በዚህ ሁለተኛ ስሌት ላይ የ65,000 ብሩ ወጪ አስቀድሞ በማስታወቂያ ቢሸፈን ደግሞ 90,000ው ብር እንዳለ ለቤተ መጻሕፍቱ ይገባል። የእናንተ ቁጥር ከዚህ እንደሚለይ ግልጽ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ በዚሁ መንገድ አስሉት፤ የሚታተመውን ቅጂ ብዛትም የምትወስኑት በተስፋ ሳይሆን አስቀድሞ በተመዘገበ ትዕዛዝ ይሁን።

እንግዲህ ሥራው ያለው ማስታወቂያ መሰብሰቡ ላይ ነው። ብዙ ኮሚቴዎች ሁለት ሰው ልከው «ለትምህርት ቤታችን ተባበሩን» የሚል ደብዳቤ በየሱቁ ያድላሉ። ነጋዴው ደብዳቤውን ተቀብሎ «እናስብበታለን» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ይህ የሚሆነው ነጋዴው ክፉ ሆኖ ሳይሆን የመዋጮ ደብዳቤ ስለበዛበት ነው። ለመንገድ፣ ለጤና ጣቢያ፣ በ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም ለትምህርት ቤቶች ማሻሻያ ተብሎ ሲጠየቅ ቆይቷል። ስለዚህ መዋጮ አትጠይቁት፤ የሚገዛ ነገር ይዛችሁለት ሂዱ። የሚገዛው ነገር ደግሞ አንድ ወር ነው። የካላንደሩ አንድ ገጽ ከታች በኩል የእርሱን ስም፣ የንግዱን ዓይነትና ስልኩን ይዞ 30 ቀን ሙሉ በ500 ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ወሩም ለንግዱ የሚስማማ ሲሆን ነጋዴው ራሱ ይጠይቃችኋል።

የ2019ን ዓመት ይዘን እንመልከተው። መስከረምን ለጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ፣ ነሐሴን የደንብ ልብስ ለሚሰፋው ልብስ ሰፊ ማቅረብ ማንም የሚያስበው ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ቀን ስለሆነ መጋቢት እንዳለ የጾም ወር ነው፤ የጾም ምግብ ለሚሠራው ምግብ ቤትና ለዘይት ነጋዴው ከዚህ የተሻለ ወር የለም። ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል፤ ሚያዝያ የሥጋ ቤቱና የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ወር ነው። የረመዳን ጾም በየካቲት መጀመሪያ ግድም ገብቶ ዒድ አልፈጥር በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መባቻ እንደሚሆን ስለሚጠበቅ የካቲትን ቴምርና ዱቄት ለሚሸጠው ባለሱቅ ማቅረብ ይቻላል። ግንቦትና ሰኔ የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ጊዜ ናቸው፤ ገበሬው የሚቆጥብበት የብድርና ቁጠባ ማኅበር እነዚህን ይፈልጋቸዋል። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ የፎቶ ቤቱ፣ የዲኮሩና የድንኳን አከራዩ ፉክክር ሊያስነሳ ይችላል። ፉክክር ካስነሳ ወሩን ለሁለት ከፍላችሁ አትሽጡት፤ መጀመሪያ ለከፈለው ስጡና ሌላውን ወደ ኅዳር ወይም ወደ ታኅሣሥ ውሰዱት።

በላይኛው ስሌት 12ቱን ወር እያንዳንዳቸውን በ4,000 ብር ብትሸጡ 48,000 ብር ይሆናል። የቀረውን 17,000 ብር በየገጹ ግርጌ ወይም በሽፋኑ ላይ ስሙ ለሚወጣ ለአንድ ተለቅ ያለ ድርጅት ማቅረብ ነው። ጳጉሜን ግን አትሽጧት። አብዛኛው አሳታሚ ከነሐሴ ጋር አጣብቆ ያልፋታል፤ እኔ የምመክረው ግን ለብቻዋ ገጽ ሰጥታችሁ ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቱ ምን እንደተሠራለት፣ ከካላንደሩ የሚገኘው ገንዘብ ለምን እንደሚውልና እነማን እንደረዱ እንድትጽፉባት ነው። ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን ሙሉ ገጽ መስጠት ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ገጽ ላይ ስሙ የወጣ ሰው ለከርሞ ሲጠየቅ እንቢ አይልም።

ማስታወቂያው ከማን እንደማይወሰድ ኅብረቱ አስቀድሞ በቃለ ጉባዔ ይወስን። የመጠጥ ቤት፣ የጫትና የሺሻ ማስታወቂያ የትምህርት ቤት ስም ካለበት ወረቀት ላይ አይወጣም። ከፖለቲካ ፓርቲም ሆነ ከዕጩ ተወዳዳሪ ገንዘብ አትቀበሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ አመለካከት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስም የተጻፈበት ካላንደርም ከዚህ መንፈስ መውጣት የለበትም። በዚሁ ምክንያት የቅዱሳንን ሥዕል በየገጹ አታስገቡ። በዓላቱን ሁሉ፣ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም፣ በእኩል ፊደል መጻፍ ተገቢ ነው። ሥዕሉ ግን የከተማው፣ የትምህርት ቤቱና የልጆቹ ይሁን። ሌላም ተግባራዊ ምክንያት አለ፤ ሥዕለ ማርያም ያለበትን ወረቀት ዓመቱ ሲያልቅ ደፍሮ የሚጥል ሰው ስለሌለ ለአንዳንዱ ገዢ ጭንቀት ይሆንበታል።

አሁን ባንኩ በነጻ የሚሰጠው ካላንደር እያለ ሰው የእናንተን ለምን በገንዘብ ይገዛል ወደሚለው ልመለስ። አንዱ መልስ ለልጆቹ ትምህርት ቤት መርዳት ስለሚፈልግ ነው፤ እርሱ ግን ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ይሠራል። በየዓመቱ የሚያስገዛው የባንኩ ካላንደር የማያውቀውን የአካባቢውን ጉዳይ ይዞ መገኘቱ ነው። የገበያ ቀናችሁ ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜዎቹ ሁሉ በልዩ ቀለም ይውጡ። የምዝገባ፣ የፈተናና የወላጆች ቀን፣ የትምህርት ቤቱ መዝጊያ፣ የክትባት ዘመቻው ወር፣ የየሠፈሩ እድር ስብሰባ የሚደረግበት እሑድ፣ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ዓመታዊ ንግሥ፣ ወርኃዊ በዓላቱም ከልደታ በ1 እስከ በዓለ ወልድ በ29 ይግቡበት። ከበስተኋላው ገጽ የጤና ጣቢያው፣ የፖሊስ፣ የመብራትና የውኃ አገልግሎት ስልክ ይጻፍበት። በየቀኑ ሳጥን ውስጥ ለመጻፊያ የሚሆን ባዶ ቦታ መተው ደግሞ ብዙ ዲዛይነሮች የሚዘነጉት ነው። የገጠሩ ሰው ካላንደር ላይ ይጽፋል፤ ላሚቱ ከኮርማ ጋር የተገናኘችበትን ቀን፣ ዶሮዋ የታቀፈችበትን፣ ዕቁቡ የሚደርስበትን፣ የጋዝ ሲሊንደሩ የተሞላበትን ሁሉ እዚያው ያሰፍረዋል። በጣም የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ ስለማይዝ የውስጥ ገጾቹን ደብዘዝ ባለ ወረቀት ማሳተም የተሻለ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

የቀኖቹ ትክክለኛነት ዋነኛው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር ነው። አንድ በዓል በተሳሳተ ቀን የወጣበት ካላንደር ሳቅ ይሆናል፤ ትምህርት ቤት ያሳተመው ሲሆን ደግሞ ሳቁ ይበረታል። ዲዛይነሮች አዲስ ካላንደር ከባዶ አይሠሩም፤ የቀድሞ ዓመት ፋይል አውጥተው ቀኖቹን ይለውጣሉ። የ2019 ጉዳይ እዚህ ላይ ያታልላል። 2019 ዓ.ም. የሚገባው ዓርብ ነው፤ 2013ም የገባው ዓርብ ነበር። ባሕረ ሐሳቡን፣ ማለትም የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ ሠርቶ ላየ ሰው ሁለቱ ዓመታት ከዚያም በላይ ይገጣጠማሉ። የ2019 ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7519 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፣ አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 13 ነው፤ 13 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ 7 ይሆናል። መጥቅዕ ጥቅምት 7 ቀን ቅዳሜ ይውላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር) 8 ሲደመርበት መባጃ ሐመሩ፣ ማለትም ጾመ ነነዌ የሚገባበትን ቀን የሚሰጠው ቁጥር፣ 15 ነው። የ2013 መጥቅዕ 13 ነበር፤ ዓርብ ስለዋለ ተውሳኩ 2 ተደምሮ መባጃ ሐመሩ ያው 15 ሆነ። ስለዚህ በሁለቱም ዓመታት ጾመ ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ሆሣዕና ሚያዝያ 17፣ ስቅለት ሚያዝያ 22፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ነው። የፈረንጆቹ ቀን ጭምር ይገጥማል፤ ትንሣኤ በሁለቱም ሜይ 2 ነው።

ይህን ያየ ዲዛይነር የ2013ን ፋይል አውጥቶ የዓመተ ምሕረቱን ቁጥር ብቻ ለውጦ ቢያስረክባችሁ አትደነቁ። ሆኖም ሦስት ስሕተት ይዞ ይመጣል። 2013 ዘመነ ማቴዎስ ነበር፤ 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ስለዚህ በርእሱ ላይ ያለው ወንጌላዊ ይለወጣል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች በ2013 ያልነበረችው ጳጉሜን 6፣ ቅዳሜ፣ ትጨመራለች፤ የ2020 መስከረም 1ም እሑድ ይሆናል ማለት ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚብሰው የእስልምና በዓላት ናቸው፤ የሂጅራው አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ በ2013 ግንቦት 5 ቀን የዋለው ዒድ አልፈጥር በ2019 ከሁለት ወር በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ በየካቲትና በመጋቢት መገናኛ ላይ ይገኛል። ዓረፋ በግንቦት የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት፣ መውሊድ ደግሞ በነሐሴ የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ እንደሚውሉ ይጠበቃል። በእነዚህ ሁሉ አጠገብ «እንደ ጨረቃዋ መታየት» የሚል መጻፍ የተለመደ ነው፤ አትተዉት። የማተሚያ ቤቱ ናሙና ሲመጣ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንድ መሪጌታ፣ ከመስጊዱ አንድ ሼህ ወይም ኢማም፣ ከትምህርት ቤቱም አንድ የአማርኛ መምህር ገጽ በገጽ አይተው በእያንዳንዱ ላይ ይፈርሙበት። የሚያዝያን ገጽ በተለይ ይመልከቱት። ስቅለት ዓርብ 22፣ የሠራተኞች ቀን ቅዳሜ 23፣ ትንሣኤ እሑድ 24 በተከታታይ ሳጥኖች፣ የአርበኞች ቀንም ረቡዕ 27 ስለሚወድቁ ጽሑፉ ተጨናንቆ አንዱ በሌላው ሳጥን ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ወደ ፎቶግራፉ ጥያቄ ስመለስ፣ መልሴ የልጆችን ሥዕል ከልጆች ፎቶ አስቀድሙ የሚል ነው። «ከተማችን በየወሩ» በሚል ርእስ ለተማሪዎች የሥዕል ውድድር ብታወጡ 13 ሥዕል ታገኛላችሁ፤ ሥዕሉ የተመረጠለት ልጅ ዘመድ ሁሉ ደግሞ ካላንደሩን ሳይለመን ይገዛል። አያቶች ሁለት ሁለት ይገዛሉ። ፎቶ ማስገባት ከፈለጋችሁ ፊቱ የሚታይ ልጅ ሁሉ የወላጁ ወይም የአሳዳጊው የጽሑፍ ፈቃድ ይኑረው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስም፣ ዕድሜና ክፍል ከፎቶው ሥር አይጻፍ። የተቀደደ ልብስ የለበሰ ልጅ ፎቶ አውጥቶ ርኅራኄ መቀስቀስ ገንዘብ ያመጣ ይሆናል፤ ልጁ ግን ዓመቱን ሙሉ በጓደኞቹ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መኖሩን አስቡ። ሥዕሎቹን በስካነር ማንሳት ይመረጣል። በስልክ ካነሳችሁም በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርድና ሲታተም ይደበዝዛል።

ከማተሚያ ቤቱ ጋር የሚደረገውን ውል በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ካላንደሩ በሰባት ቅጠል፣ በፊትና በጀርባ ቢታተም 14 ገጽ ይሆናል፤ ሽፋኑና 13ቱ ወራት በልኩ ይገቡበታል፤ ዓመቱ ሲጋመስም ማዞር ነው። መጠኑ ኤ3 ቢሆን ለመጻፊያው ቦታ ይበቃል። ፕሮፎርማው ላይ የወረቀቱ ግራም፣ የቀለሙ ብዛት፣ የጥረዛው ዓይነት፣ የማስረከቢያው ቀንና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። ወረቀት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ በተለይም ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ፣ ማተሚያ ቤቶች የሚሰጡት ዋጋ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚጸና ሆኗል፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ተሰብስቦ ሳያልቅ ፕሮፎርማ ወስዳችሁ እርሱን አትተማመኑ፤ በጀታችሁ ላይም ለጭማሪ የሚሆን ቦታ ተዉ። የቅድመ ክፍያውን ጉዳይ ግማሹን ሳይሆን ከ30 በመቶ የማይበልጥ አድርጋችሁ ተከራከሩ፤ ቀሪው ዕቃው ተቆጥሮ ሲረከብ ይከፈል። ከተማችሁ ውስጥ የሚያትም ከሌለ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ መሄድ ይኖርባችኋል፤ የማጓጓዣውን ወጪ ከስሌቱ አታስቀሩ፤ ወሩ ክረምት ነውና ካርቶኖቹ በላስቲክ ተጠቅልለው ይጫኑ፤ ሲደርሱም ከወለሉ ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይቀመጡ።

ማን ይሽጥ ለሚለው፣ ማን እንዳይሸጥ ልንገርዎ። ተማሪዎች አይሽጡ። «እያንዳንዱ ተማሪ አምስት አምስት ሸጦ ያምጣ» የሚለው አሠራር ቀላል መስሎ ይታያል፤ ውጤቱ ግን ያልተሸጠውን ድሃው ወላጅ ከኪሱ እንዲከፍል ማድረግ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ትምህርት በነጻ በሚሰጥበት አገር ይህ በስውር የተጣለ ክፍያ ይሆናል፤ ቅሬታውም ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ሻጮቹ የኅብረቱ አባላትና ፈቃደኛ ወላጆች በየሠፈሩ፣ እንዲሁም በአደራ የሚወስዱ ሱቆች ይሁኑ። በተለይ ወርን የገዙ ነጋዴዎች የራሳቸው ስም ያለበትን ካላንደር በሱቃቸው መስቀልና መሸጥ ደስ ይላቸዋል።

ገንዘቡ እንደማንኛውም የትምህርት ቤት የውስጥ ገቢ ይያዝ። ካላንደሮቹ ሲመጡ በሞዴል 19 የንብረት ገቢ ደረሰኝ ንብረት ክፍል ገቢ ይሁኑ፤ ለሻጭ ሲሰጡ በሞዴል 22 የንብረት ወጪ ደረሰኝ ወጪ ይሁኑ፤ የማስታወቂያውም የሽያጩም ገንዘብ በሞዴል 64 የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ተቆርጦ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ይግባ። በቴሌብር ወይም በሲቢኢ ብር መቀበል ለገዢው ምቹ ነው፤ ግን ቁጥሩ የትምህርት ቤቱ እንጂ የሰብሳቢዋ ወይም የርእሰ መምህሩ የግል ስልክ አይሁን። እርስዎን የማያምን ሰው አለ ብዬ አይደለም፤ ነገር ግን በግል ስልክ የገባ ገንዘብ ላይ የሚነሳ ሐሜት ሒሳቡ ከተወራረደ በኋላም አይጠፋም። እያንዳንዱ ሻጭ የወሰደውን ቁጥር ፈርሞ ይውሰድ፤ በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀን የሸጠበትን ገንዘብና የቀረውን ቅጂ ያስረክብ። በሽያጩ ላይ የሚከፈል ግብር መኖር አለመኖሩን የወረዳችሁን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልሱንም በፋይል ያዙ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አሁን ግንቦት ስለሆነ አልዘገያችሁም፤ ግን የሚባክን ሳምንት የለም። ማስታወቂያው በግንቦትና በሰኔ ይሰብሰብ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ወላጆች ካርድ ለመቀበል ሲመጡ፣ በወላጆች ቀንም፣ ሥዕሎቹ በግድግዳ ተለጥፈው፣ ጠረጴዛ ወጥቶ የቅድሚያ ትዕዛዝ ይመዝገብ፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ወላጆችን በአንድ ቦታ የምታገኟቸው ነሐሴ መጨረሻ ለምዝገባ ሲመጡ ነው። የተመዘገበው ትዕዛዝ ላይ ሩቡን ያህል ጨምራችሁ የቅጂውን ብዛት ወስኑ። ሐምሌ መግቢያ ላይ ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ይግባ፤ ነሐሴ ሲጋመስ ማተሚያ ቤቶች ሁሉ በአዲስ ዓመት ሥራ ስለሚጨናነቁ ዘግይቶ የገባ ትንሽ ትዕዛዝ ወደ ኋላ ይገፋል። ከቡሄ ማግሥት ሽያጩ ይጀመር፤ ከምዝገባው ጠረጴዛ ጎን ሁልጊዜ አንድ ሻጭ ይኑር።

ስለ ዋጋው፣ ከቅጂው ወጪ ተነስታችሁ ሳይሆን ከተማችሁ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ለበዓል ስጦታ ሳያመነታ ከሚያወጣው ተነሱ፤ ወጪው በማስታወቂያ ስለተሸፈነ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁና ለእርሱ ነጻነት አላችሁ። ክብ ቁጥር ይሁን፤ መልስ መፈለግ ሽያጭ ያዘገያል። እስከ መስከረም 15 ቅናሽ አታድርጉ። ከዚያ በኋላ የቀረውን በግማሽ ዋጋ ልቀቁት፤ ጥቅምት ላይ የተረፈውን ለጤና ጣቢያው፣ ለቀበሌውና ለገጠር ትምህርት ቤቶች በነጻ ስጡ፤ ማስታወቂያ የገዛው ነጋዴ ስሙ መታየቱን ይወዳልና።

በውጭ ያሉ የትምህርት ቤቱን የቀድሞ ተማሪዎች ጠቅሰው ስለነበር አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ ላለ ሰው የታተመ ካላንደር በፖስታ መላክ አያዋጣም፤ መላኪያው ከካላንደሩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለእነርሱ ያው ፋይል በፒዲኤፍ ይላክላቸውና በያሉበት ያሳትሙት፤ ክፍያቸው በሕጋዊ የሐዋላ መንገድ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይግባ። ከቅጂ ይልቅ አንድ ወር እንዲገዙ ጠይቋቸው፤ «የ1990ዎቹ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች» ተብሎ በኅዳር ገጽ ግርጌ ቢጻፍ ተሰባስበው የሚከፍሉት ገንዘብ ከአንድ ሱቅ ማስታወቂያ ሊበልጥ ይችላል።

ለማተሚያ ቤቱ ዛሬ የሚሰጡት መልስ እንግዲህ አጭር ነው። የቅጂውን ብዛት በሰኔ መጨረሻ እንደምታሳውቁ፣ ለ300፣ ለ500 እና ለ700 ቅጂ ሦስት የተለያየ ዋጋ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ፣ እስከዚያም ምንም ዓይነት ቅድመ ክፍያ እንደማይፈጸም ንገሯቸው። ሦስቱን ዋጋ ለመስጠት ፈቃደኛ ያልሆነ ማተሚያ ቤት ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።